ጭራው ላይ ያለውስ?

ስለ ምሽት የቡድን ብስክሌት ጉዞ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ፤ ጸሐፊው ዋናው ነገር መንገድ መምረጥ ነው ብለዋል። እኔ ግን ዋናው ጭራው ላይ ያለው ሰው ነው እላለሁ። 200 ሰው ሲወጣ ፊት ያለው እየተንሸራሸረ ነው፤ የኋላው ላብ በላብ ሆኖ ይሮጣል። ትራፊክ መብራት ሰልፉን በቆረጠው ቁጥር ክፍተቱን ለመሙላት ሁሉም ይፈጥናል፣ ጀማሪው ጨለማ ውስጥ ብቻውን ይቀራል። ስለዚህ መሪው መስቀለኛውን ካለፈ በኋላ ጥግ ይዞ ይጠብቅ። ፓምፕና ትርፍ የውስጥ ጎማ የያዘ ሰው ደግሞ ከሁሉም ኋላ ይሁን፣ ማንንም እንዳይቀድም።

እ.ኤ.አ. በ1992 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተጀመረው ክሪቲካል ማስ የሚባለው የጅምላ የብስክሌት ጉዞ ሌላ ዘዴ አለው፤ ጥቂቶች መስቀለኛው ላይ ቆመው ሰልፉ እስኪያልፍ መኪና ያስቆማሉ። ሰልፉ አይቆረጥም፤ ግን የሾፌሩን ንዴት የሚቀበሉት እነሱ ናቸው፣ በብዙ ቦታም ሕግ አይፈቅድም።

መብራት ይዛችሁ ኑ ማለት ብቻም አይበቃም። ብልጭ ድርግም የሚል ቀይ መብራት ለብቻ ሲነዱ ጥሩ ነው፤ ሃምሳው ፊትህ ሲብለጨለጭ ግን ጉድጓዱን አታየውም። ሳይቆራረጥ ይብራ፣ የፊቱም ወደ አስፋልቱ ዘንበል ይበል። ደግሞ እባካችሁ፣ የሙዚቃ ድምፅ ማጉያ አንድ ይበቃል! «ጉድጓድ!» የሚለው ጩኸት እስከ ኋላ መድረስ አለበት።