አክስቴ ገስት ሃውስ ከፈተች

ሐበሻ ከፍሎ እንግዳ መሆን አያውቅበትም። ሆቴል ከሆነ ግድ የለም። አጨብጭበን አስተናጋጅ እንጠራለን፣ ፎጣው ሳሳ ብለን እንቆጣለን። ጉዱ የሚፈላው ባለቤቶቹ ከነልጆቻቸው በሚኖሩበት ቤት ስናርፍ ነው። ሴትየዋ ልጇን አዝላ ቁልፍ ስታቀብልህ ደንበኛ ነህ ወይስ ዘመድ?

ይህ የገጠመን ዛንዚባር ነው። የታንዛኒያዋ ደሴት ሩቅ አይደለችም። ከቦሌ በቀጥታ ይበረራል፤ በመኪና ወደ ደሴ የተነሳ ሰው ገና መንገድ ላይ እያለ አንተ ባሕር ውስጥ ነህ። ከመስከረም 2017 ወዲህ ግን የውጭ ጎብኚ 44 ዶላር የመድን ክፍያ ይጠየቃል። ወደ ብር ስትመነዝረው መድን ለምን እንዳስፈለገ ይገባሃል።

ለአክስቴ “የምናርፈው ገስት ሃውስ ነው” ስላት ፊቷ ተለዋወጠ። በሷ ሰፈር ገስት ሃውስ ሻንጣ ይዞ የገባ ሰው ታይቶ አይታወቅም። የምሄደው ከሚስቴ ጋር እንደሆነ፣ ቤቱም የቤተሰብ እንደሆነ አስረዳኋት።

“ሴትየዋ እዚያው ነው የምትኖረው?”

“አዎ።”

“ልጆች አሏት?”

“ይኖሯታል።”

“እና ባዶ እጃችሁን ልትገቡ ነው?”

“እትዬ፣ እኛ እኮ እንከፍላለን!”

“መክፈል ሌላ፣ ነውር ሌላ።”

ቡና ተጫነ። ዳቦ ቆሎ ተጫነ። ሽሮ ተጫነ። ቅርንፉድ ስትጨምር ግን ጮህኩ። በአንድ ወቅት የዓለምን ገበያ በቅርንፉድ ለሞላች ደሴት ቅርንፉድ! “የኛን አይቀምሱም እንዴ?” አለች። ማን ያውቃል፣ ምናልባት ቅርንፉዱ ወደ አገሩ እየተመለሰ ነበር።

ቤቱ ጃምቢያኒ ነው፤ ከደሴቷ በምሥራቅ በኩል ያለ የዓሣ አጥማጆች መንደር። ሴትየዋ ቁርስ 2 ሰዓት ነው አለችን። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛው ከንጋት ጀምረው ነው። ጎረቤት ክፍል ያሉት ጀርመኖች ስልካቸውን እያዩ ግራ ሲጋቡ እኛ ማንዳዚያችንን፣ ማለትም የነሱን ቦምቦሊኖ፣ በቅመም ሻይ እያወራረድን ነበር። ሐበሻ በሰዓቱ ተገኝቶ ጀርመን ሲያረፍድ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። ፎቶ አለማንሳቴ ይቆጨኛል።

ከቁርስ በኋላ ፎጣችንን ይዘን ወጣን። ባሕሩ የለም! እዚያ ውኃው ሲሸሽ እንዲህ በዋዛ አይሸሽም፤ ከዓይን እስኪርቅ ይሄዳል። በተራቆተው አሸዋ ላይ ሴቶች የተከሉትን የባሕር ሣር ይሰበስባሉ። ሣሩ ደርቆ ወደ ውጭ አገር ይላካል። እኔ ብሬ ተበላ ብዬ ስደነግጥ ሚስቴ ፍንክች አላለችም። ተክለ ሃይማኖት ነው ያደገችው። “ፈረቃ ነው፣ ይመጣል” አለችና ጥላ ስር ቁጭ አለች። እውነትም መጣ። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ያለ ማስታወቂያ፣ ያለ ይቅርታ። የኛ ሰፈር ውኃ ይህን ቢያይ ምን ይል ነበር?

ፍልሰታ ነበር። ለጿሚ እንዲህ ያለ አገር የለም፤ ሩዙም ቦሎቄውም የሚሠራው በኮኮናት ወተት ነው። ሴትየዋ ግን ሚስቴ በቦሎቄ ብቻ መዋሏ አላስቻላትም። አንድ ምሽት በኮኮናት የተሠራ ኦክቶፐስ ይዛ መጥታ “ብዪ” ብላ ፊቷ ቆመች። ሚስቴ ወደ አዲስ አበባ ደወለች።

“እትዬ፣ ኦክቶፐስ የጾም ነው?”

“እሱ ደግሞ ምንድን ነው?”

“ባሕር ውስጥ ነው የሚኖረው። ስምንት እግር አለው።”

“አንቺ ልጅ፣ እዚህ ገና በዓሣው አልተስማማንም። ስምንት እግር ታመጪብኛለሽ?”

ስንመለስ አክስቴ ስለ ባሕሩ አንድም ነገር አልጠየቀችም። የጠየቀችው የአልጋና የቁርሱን ዋጋ ነው። ነገርናት። ጣቷን ማጠፍ ጀመረች።

ቤቷ ተክለ ሃይማኖት ነው። ጥቁር አንበሳ በእግር ይደረሳል፣ ልደታ ፍርድ ቤት ቅርብ ነው፣ መርካቶ አፍንጫ ስር ነው። ዘመድ ታመመ፣ እሷ ጋ። ዘመድ ተካሰሰ፣ እሷ ጋ። ዘመድ ለልጁ ሠርግ ሊገበያይ መጣ፣ እሷ ጋ፣ ያውም ከነሙሽራዋ። አንዴማ በመሬት የተካሰሱ ወንድማማቾች ሁለቱም እሷው ሳሎን አድረው፣ ቁርሷን ከአንድ ትሪ በልተው፣ በአንድ ታክሲ ችሎት ሄደዋል። የታክሲውን የከፈለችው እሷ ናት።

“ዕድሜዬን ሙሉ ገስት ሃውስ ሳስተዳድር አንድ ሰው እንኳ አይነግረኝም?” አለች።

ቆረጠች። ሰርቪሷን ቀለም አስቀባች። የኛን ፎቶ አይታ ፎጣ በዳክዬ ቅርጽ አጥፋ አልጋው ላይ ጉብ አደረገች። የመጀመሪያው እንግዳ ለዓይን ሕክምና ከመንዝ የመጣ የአጎቷ ልጅ ሆነ። ሰውየው ዳክዬዋን እንዳያፈርስ ፈርቶ ግድግዳው ጋ ተለጥፎ አደረ አሉ።

በሳምንቱ ሄጄ ሥራ እንዴት ነው አልኳት።

“ቆንጆ ነው።”

“ከፈለ?”

“በሽተኛ ምን ይከፍላል? መሳፈሪያውን ሰጥቼ፣ ስንቅ ቋጥሬ ሸኘሁት እንጂ።”

“ታዲያ ምኑን ገስት ሃውስ ሆነ?”

“አምስት ኮከብ እንዲሰጠኝ አስምዬዋለሁ።”