ለክቡር 7ቢ (የዊንዶውስ ሰማያዊ ስክሪን የስሕተት ኮድ)፣ ባሉበት

ቀን፦ ጥር 1 ቀን 2002 እ.ኤ.አ. (ኮምፒውተሩ የሚለው ነው፤ እኛ የለንበትም)

ጉዳዩ፦ ጤነኛ ሃርድ ዲስክን በሐሰት መወንጀልን ይመለከታል

ክቡርነትዎ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እናቀርባለን። አድራሻዎን ማፈላለግ አላስፈለገንም፤ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ከፒያሳ እስከ ለገሃር ባሉ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች ሳይጠሩ ብቅ ይላሉ። ደግሞ ምርጫዎ! ግብር ማሳወቂያ ሲደርስ፣ የሒሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ የተጫነበትን አሮጌ ማሽን ለይተው ነው የሚያርፉበት።

አመጣጥዎ ግርማ አለው። የዊንዶውስ ኤክስፒ አርማ ወጥቶ ከሥሩ ያለችው መስመር ሁለት ሦስት ዙር እስክትንሸራተት ይታገሳሉ፤ ከዚያ ሰማያዊ ሆነው ብልጭ ይሉና ማሽኑን መልሰው ያስነሱታል። ስምዎን ለማንበብ እንኳ ኤፍ8 ተጭኖ፣ ችግር ሲፈጠር በራሱ እንዳይነሳ የሚያደርገውን መስመር መምረጥ ግድ ነው። ያኔ ነው 0ኤክስ0000007ቢ የሚለው ማዕረግዎ ረግቶ የሚታየው።

ቃልዎ አጭር ነው፦ ማስነሻው ዲስክ አልተገኘም። ይህን የሰማ ኮምፒውተር ሠሪ ሁሉ «ሃርድ ዲስኩ ሄዷል፣ ፎርማት ይደረግ» ብሎ ይፈርዳል። በፓወር ግዕዝ የተጻፈው ደብዳቤ፣ የዓመታት ሒሳብ፣ ሁሉም በአንድ ከሰዓት ድራሹ ይጠፋል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

ዲስኩ ሞቶ ከሆነ ያ አርማ ከየት መጣ? የዊንዶውስን እምብርት፣ ከርነሉን፣ ከዲስኩ አንብቦ ወደ ራም እንዲጫን የረዳው ባዮሱ (የማዘርቦርዱ ማስነሻ ፕሮግራም) ነው። ከዚያ ዊንዶውስ ሥራውን ይረከብና ዲስኩን በራሱ ድራይቨር (ከዕቃው ጋር በሚያነጋግረው ፕሮግራም) መጥራት ይጀምራል። ዲስኩ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚነጋገርበት የሳታ ሞድ ከአሮጌው አይዲኢ ወደ አዲሱ ኤኤችሲአይ ተቀይሮ ከሆነ፣ የዲስኩ ተቆጣጣሪ ኮንትሮለሩ ሌላ መታወቂያ ይዞ ይቀርባል፤ ዊንዶውስም አላውቅህም ይለዋል። ኤክስፒ የወጣው በ2001 እ.ኤ.አ. ነው፤ ኤኤችሲአይ ያላቸው ማዘርቦርዶች ከዚያ በኋላ ስለመጡ ድራይቨሩ ጭራሽ የለውም። የዊንዶውስ 7 ይባስ፤ ድራይቨሩ ዲስኩ ላይ አለ፣ ግን በአይዲኢ ሞድ ከተጫነ ሲነሳ አይጠራውም። ቁልፉን ቤት ውስጥ ረስቶ በሩን የዘጋ ሰው ማለት ነው።

ሞዱን ማን ቀየረው? እርስዎ ያውቃሉ፤ ግብረ አበርዎ ያቺ ሲአር2032 የምትባል ባለ 3 ቮልት ባትሪ ናት። ሶኬቱ ኤሌክትሪክ እስካለው ድረስ መድከሟ አይታወቅባትም። መብራት ሲጠፋ ግን የባዮሱ ቅንብር አብሮ ይጠፋና ወደ ፋብሪካው ምርጫ ይመለሳል። ምልክቱም ከዚህ ደብዳቤ ራስጌ ላይ ያለው ቀን ነው። በመልቲሜትር ስትለካ ከ2 ነጥብ 7 ቮልት በታች ከወረደች ጡረታዋ ደርሷል።

ከእርስዎ የሚሰወር ነገር ባይኖርም፣ ለመዝገብ ያህል እንድገመው። ዴል ከሆነ ኤፍ2፣ ኤችፒ ከሆነ ኤፍ10 ተጭኖ ባዮስ ውስጥ ይገባል። «ሳታ ኦፐሬሽን» ወይም «ሳታ ኢሙሌሽን» የሚለው ይፈለግና ለኤክስፒ አይዲኢ ይመረጣል፤ አንዳንዱ ማሽን «ኮምፓቲቢሊቲ»፣ ሌላው «ሌጋሲ» ወይም «ኤቲኤ» ይለዋል። ሴቭ ተደርጎ ይወጣል። የቀድሞው ሞድ ካልታወቀ አንዱን ሞክሮ ሌላውን መሞከር ፋይል አያጠፋም። «ሬይድ» ላይ ግን እጅ አይገባም፣ በተለይ ሁለት ዲስክ ተጣምሮ በሚሠራበት ማሽን። ከዚያ ሶኬቱ ተነቅሎ ባትሪዋ ትቀየራለች፣ ስትነቀል ቅንብሩ ስለሚጠፋ ቀኑም ሞዱም እንደገና ይስተካከላሉ፣ ትክክለኛው ሞድም በፕላስተር ላይ ተጽፎ ኬዙ ውስጥ ይለጠፋል። ባትሪዋን ሳይቀይሩ ሞዱን ብቻ ማስተካከል ለሚቀጥለው መብራት መጥፋት ቀጠሮ መያዝ ነው።

ኤኤችሲአይ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ለሚል የዊንዶውስ 7 ባለቤትም መላ አለ። በአይዲኢ እንደተነሳ የዊንዶውስ መዝገብ ማረሚያው ሬጅኤዲት ይከፈታል፤ ከሰርቪስስ ሥር «ኤምኤስኤኤችሲአይ» ውስጥ «ስታርት» የሚለው ከ3 ወደ 0 ይቀየራል፤ ባዮሱ የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ እርስዎን ያገኛል። በዊንዶውስ 10 ሞዱ ከተቀየረ በኋላ አንዴ በሴፍ ሞድ መነሳት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። እውነቱን ለመናገር በአሮጌ ተሽከርካሪ ዲስክ ላይ የፍጥነቱ ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ኤክስፒን በኤኤችሲአይ እንደ አዲስ ልጫን ያለ ሰው ላይ ግን ጭካኔዎ ወደር የለውም። መጫኛው «ኤፍ6 ተጫን» ይልና ድራይቨሩን በፍሎፒ አምጣ ይላል። ፍላሽ ቢሰኩለት ዞር ብሎም አያይም። መውጫው ኤንላይት በሚባል ፕሮግራም ድራይቨሩን ሲዲው ውስጥ አስገብቶ እንደገና መቅዳት ነው፤ እሱም «ቴክስትሞድ» ተብሎ፣ ለዚያው ቺፕሴት (ለማዘርቦርዱ ቺፖች) የሆነው ተመርጦ። አይሲኤች7ኤም የሚባለው ቺፕ ላለው ላፕቶፕ የአይሲኤች9ኤሙን የመረጠ፣ ሲዲ አቃጥሎ ተመልሶ ከእርስዎ ፊት ይቆማል።

አልፎ አልፎ እውነትዎን እንደሚሆን አንክድም። ባዮሱ የዲስኩን ስም ካልጻፈ፣ ወይም ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ካለ፣ መጀመሪያ ኬብሉ ይቀየር፤ ከዚያ በኡቡንቱ ፍላሽ ተነስቶ ፋይሉ ይገልበጥ። የዲስክ ስሕተት ፈታሹ ቼክዲስክ የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው፤ የሚያጣጥር ዲስክ ላይ ቀድሞ መልቀቅ ሞቱን ማፋጠን ነው።

ስለሆነም በሚቀጥለው ብቅ ሲሉ ከማዕረግዎ ሥር «ባዮሱን ሳታዩ ዲስኩን አትንኩ» የምትል አንዲት መስመር እንዲጨምሩልን በትሕትና እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለሲአር2032፣ ማዘርቦርድ ላይ
ለፎርማት ባለሙያዎች፣ ሲዲውን አስቀምጠው እንዲያነቡት
ለመብራት፣ ሲመጣ