«ፒር ነጻ ነው» ብሎ ባልዲ ይዞ ለሚወጣው ወገን

ካሊፎርኒያ ውስጥ ከሐበሻ ወደ ሐበሻ ቶሎ የሚዛመት አንድ ወሬ አለ፤ «ፒር ላይ ዓሣ ለማጥመድ ፈቃድ አያስፈልግም» የሚል። ፒር ማለት ከዳርቻ ተነስቶ ውሃው ላይ የተዘረጋ መቆሚያ ነው። ወሬው እውነት ነው። ግን ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ «ባሕር ላይ ባለ ፒር» የምትለዋ መንገድ ላይ ትወድቅና የሚደርሰው «ነጻ ነው» ብቻ ይሆናል። ከዚያ ወገን ባልዲውን አንጠልጥሎ ሐይቅ ዳር ያለ ፒር ላይ ይቆማል። ሽጉጥ የታጠቀው የዓሣና የዱር እንስሳት ጥበቃ መኮንን መጥቶ ፈቃድ ሲለው «ፒር ላይ እኮ ነኝ!» ይላል። ክርክሩ ከቅጣት አድኖት አያውቅም።

ደንቡ ይህን ያህል አያስቸግርም። 16 ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ ለማጥመድ ፈቃድ ያወጣል። ነጻ የሚያደርገው በውቅያኖስ፣ እንዲሁም በሳን ፍራንሲስኮና በሳን ፓብሎ ባሕረ ሰላጤዎች ላይ ያለ የሕዝብ ፒር ነው። ከመሬት ጋር የተያያዘ፣ ማንም ሳይከፍል የሚገባበት፣ ለአጥማጅ የሚያገለግል መሆን አለበት። አሸዋው ላይ ወርደው ከወረወሩ ፈቃድ ይጠየቃሉ፣ ፒሩ ከጀርባዎ ሃያ እርምጃ ላይ ቢሆንም እንኳ። ማዕበል ለመስበር የተከመረው ድንጋይም ነጻ የሚሆነው የወደቡ የመጨረሻ የባሕር በኩል ግድብ ከሆነ ብቻ ነው።

ሰዉን በደንብ የሚያሳስተው ቫዬሆንና ክሮኬትን የሚያገናኘው የካርኪኔዝ ድልድይ ነው። ከድልድዩ ወደ ምሥራቅ ያለው ውሃ የአገር ውስጥ ውሃ ተብሎ ይቆጠራል። ማርቲኔዝና ቤኒሻ ያሉት ፒሮች ከበርክሌይና ከኦክላንድ በኩል ካሉት ምንም አይለዩም፤ ውሃው ይሞላል፣ ይጎድላል፣ ጨው ጨው ይላል፣ ስትራይፕድ ባስ የሚባለው ዓሣም ያው ነው። ፈቃድ ግን ያስፈልጋል። ውሃውን ቀምሶ «ባሕር ነው» ማለት አይሠራም።

ፈቃዱ ከ60 ዶላር በላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ከተገዛበት ቀን አንስቶ 365 ቀን ያገለግላል። ለአንድ ቀን ብቻ የሚሆንም ይሸጣል። በዓመት ሁለት ቀን፣ አንዱ በጁላይ 4 በዓላቸው ሰሞን፣ ሌላው በሌበር ደይ አካባቢ፣ ማንም ያለ ፈቃድ እንዲያጠምድ ይፈቀዳል። ያን ቀንም ቢሆን የመጠንና የቁጥር ደንቡ አይነሳም። «ነጻ ቀን ነው» ብሎ ማቀዝቀዣ ሣጥን የሚሞላ ሰው አለና ነው ይህን መጥቀሴ።

ሐይቅ ላይ አንድ የማጥመጃ ዘንግ ብቻ ነው፤ ለሁለተኛው ተጨማሪ ይከፈላል። ባሕር ፒር ላይ እስከ ሁለት ይፈቀዳል። ለባሕር የገዙትን 20 ፓውንድ የሚችል የማጥመጃ ናይሎን ሐይቅ ይዞ መሄድም ከንቱ ልፋት ነው፣ ትራውት የሚባለው የሐይቅ ዓሣ ወፍራም ናይሎን ካየ ዞር ይላል። ባለ 4 ፓውንድ ይብቃ። ክብደት የሚሰጠው እርሳስ ናይሎኑ ላይ ወዲያ ወዲህ እንዲንሸራተት ተደርጎ፣ ከእሱ በታች ከ18 እስከ 24 ኢንች ቀጭን ናይሎን፣ ጫፉ ላይ ቁጥር 16 ባለ ሦስት ጥርስ መንጠቆ ይታሰራል። ፓወርቤይት የሚባለው የዓሣ ማባበያ ሊጥ መንጠቆውን በሙሉ እስኪሸፍን ድረስ ይድቦለቦላል። ሊጡ ተንሳፋፊ ስለሆነ መንጠቆውን ከወለሉ ያነሳዋል። ከባድ መንጠቆ ካሰሩ ግን ሊጡ አብሮ ይሰጥምና ሣር ውስጥ ተቀብሮ ይውላል።

የባሕሩ ፒር ሌላ ዓለም ነው። ማኬሬል ለሚባለው ዓሣ የሚሆነው ሳቢኪ የሚሉት ላባ የለበሱ ስድስት ትናንሽ መንጠቆዎች ያሉት ናይሎን ነው። ጫፉ ላይ 2 ወይም 3 አውንስ እርሳስ አስረው ከፒሩ አጠገብ ቀጥ አድርገው ያወርዳሉ፤ መወርወር አያስፈልግም፣ ከኋላ የሚያልፈው ሰው ጆሮም ይተርፋል። ቀስ እያሉ ሁለት ጫማ ያህል ከፍ ዝቅ ማድረግ፣ ካልነካ ጥልቀቱን መለወጥ። አንዱ እንደያዘ «ስድስቱም ይሙሉ» ብሎ መጠበቅ ግን ኪሳራ ነው። ማኬሬል ተይዞ ዝም አይልም፣ እየተሽከረከረ ይሮጣል። አራትና አምስቱ በየአቅጣጫው ሲሮጡ ሳቢኪው ሹሩባ ሆኖ ይወጣና መቀስ ካልሆነ አይፈታም። ሁለት ሦስት ሲይዝ ማውጣት ይሻላል። የተቆረጠውን ወደ ባሕር አይጣሉ፣ ወፍ ይጠላለፍበታል። ፔሊካን ከተያዘብዎት ደግሞ ናይሎኑን አይቁረጡ፤ ቀስ ብለው ስበው ክንፉንና ምንቃሩን የሚይዝ ሰው ይጥሩ።

ሃሊበት የሚባለው ጠፍጣፋ ዓሣ ሲያዝ ብዙ ሰው የሚያለቅሰው መጨረሻው ላይ ነው። ዓሣው ውሃ ውስጥ እያለ ውሃው ክብደቱን ይሸከምለታል። ከውሃው ከወጣ በኋላ ግን አምስትና ስድስት ሜትር ከፍታ ላይ በናይሎን ሲሰቅሉት ሙሉ ክብደቱ መንጠቆው ላይ ያርፋል፤ ወይ ከንፈሩ ይቀደዳል ወይ ናይሎኑ ይበጠሳል። ስለዚህ በገመድ የሚወርድ ክብ መረብ ቀድሞ ይዘጋጃል። ጎረቤት አጥማጅ መረቡን ያወርዳል፣ እርስዎ ዓሣውን በጭንቅላቱ በኩል መረቡ ውስጥ ይመሩታል።

ከዚያ ሜትሩ ይመጣል። ሃሊበት ከ22 ኢንች ካነሰ ወዲያው ወደ ውሃ ይመለሳል፤ ካሊኮ ባስ የሚባለው ዓሣ ደግሞ 14 ኢንች ነው። «አንድ ኢንች ምን አላት?» የሚለው ክርክራችን እዚህ ጋ ነው የሚያናድደው። አገር ቤት ሐይቁ ዳር ሜትር ዘርግቶ የሚጠብቅ ማን አለ? የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቷል። ሐዋሳ አሞራ ገደል ላይ ግን አባ ኮዳው ሆድ ዕቃ ሲጠብቅ መዳፍ የማትሞላ ቆሮሶም ትሸጣለች። ዓይኑ ጠባብ መረብ አንዴም ያልወለደውን ዓሣ ይዞ ይወጣል፣ በዓመቱ ደግሞ «ዓሣው ጠፋ» ይባላል። እዚህ ያለው አጥማጅ ከእኛ የተሻለ ጨዋ ሆኖ አይመስለኝም። ሜትሩን ፒሩ እንጨት ላይ በቢላ ቀርጾት ስታዩ ግን ቅጣቱ ምን ያህል እንደገባው ያስታውቃል።

ሸርጣንን ብዙ ኦርቶዶክስ ስለማይበላው በአጭሩ፦ የጥፍሩ ጫፍ ነጭ ከሆነ ደንጅነስ ነው፣ ሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ጨርሶ አይያዝም። ጥቁር ጫፍ ያለው ይፈቀዳል፣ ቢያንስ 4 ኢንች ከሆነ።

ይልቅ የሚያሳስበው ሎስ አንጀለስ ነው። ከፌርፋክስ የኛ ሰፈር ወደ ባሕሩ የሚወርደው ሰው የሚያገኘው ከሳንታ ሞኒካ እስከ ሲል ቢች ያለውን ዳርቻ ነው። እዚያ መሃል ነጭ ክሮከር፣ ጥቁር ክሮከር፣ ባርድ ሳንድ ባስ፣ ቶፕስሜልትና ባራኩዳ የተባሉት ዓሦች ጨርሶ እንዳይበሉ የግዛቱ ጤና ባለሙያዎች መክረዋል። ምክንያቱ ዲዲቲ ነው፣ አገር ቤት ለወባ ቤት ለቤት ሲረጭ የምናውቀው። ቶራንስ የነበረ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ ሲያመርት ቆሻሻው በፍሳሽ ቱቦ ፓሎስ ቨርደስ ፊት ለፊት ባሕር ወለል ላይ ተከማቸ። ነጭ ክሮከር ደግሞ ወለል እየጫረ የሚበላ ዓሣ ነው። ብርማ ነው፣ ክንፉ ወደ ቢጫ ያደላል፣ ከጎን ክንፉ ሥር ጥቁር ነጥብ አለው፣ ሲያዝ ያጉረመርማል። በቀላሉ ስለሚያዝ ባልዲ የሚሞላውም እሱ ነው።

ዲዲቲና ፒሲቢ የሚባለው የፋብሪካ ኬሚካል የሚቀመጡት ስብ ውስጥ ነው። በሌላው ዓሣ ላይ ቆዳውን፣ ሆድ ዕቃውንና ስቡን አውጥቶ፣ ስቡ እንዲንጠባጠብ አድርጎ መጥበስ መጠኑን ይቀንሰዋል። የኛ አሠራር ግን ተቃራኒው ነው፤ ዓሣው በሙሉ ከነቆዳው ተተልትሎ ዘይት ውስጥ ይገባል፣ ጭንቅላቱ ደግሞ ለሾርባ። ሾርባው ላይ የሚንሳፈፈው ቢጫ ቅባት ያ ስብ ነው።

ማኬሬሉ ከዚህ ዝርዝር ውጪ ነው፣ ቁጥሩም አይገደብም። እሱን የሚያበላሸው ሙቀት ነው። እንደተያዘ ከጉንጩ ሥር ቆርጦ ደሙን ማፍሰስ፣ ከዚያ በረዶና የባሕር ውሃ የተቀላቀለበት ሣጥን ውስጥ መክተት። ፀሐይ ላይ ባልዲ ውስጥ የዋለ ማኬሬል ሂስታሚን ያፈራል፤ ፊት ያቀላል፣ ራስ ያሳምማል፣ ያስመልሳል። ቢጠበስም ቢቀቀልም አይጠፋም፣ በሚጥሚጣም ቢሆን።