ለሦስት ማዕዘን አዳኞች የቀረበ ምስጋና

ባለፈው እሑድ ቡና ተጠርቼ በሄድኩበት ቤት፣ አሜሪካ የምትኖር እህቴ ለመታሰቢያ የሰጠችኝንና ከቦርሳዬ የማልለያትን የአንድ ዶላር ኖት አንድ አዛውንት ጎረቤታችን ተቀበሉኝ፤ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርገው መረመሯትና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ይኸውልህ ልጄ፣ ፒራሚዱ ላይ ያለችውን ዓይን አየሃት? የፍሪሜሰኖች ናት» አሉኝ። ፍሪሜሰን የተባለው ምስጢር ጠባቂ የወንድማማቾች ማኅበር ዓለምን በስውር ይገዛል የሚለውን የቀረውን ወሬ መተረክ አያስፈልገኝም፤ እናንተም በየታክሲው፣ በየለቅሶ ቤቱና እኩለ ሌሊት በሚላክ የቴሌግራም ቪዲዮ የጠገባችሁት ነው። እኔ ዛሬ የተነሣሁት እነዚህን የሦስት ማዕዘን አዳኞች ላመሰግን ነው።

የእነሱ ትጋት ባይኖር ኖሮ የዚያች ዓይን ታሪክ ምንኛ አሰልቺ በሆነብን! ዓይኗ ያለችበት የአሜሪካ ታላቁ ማኅተም በ1782 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የጸደቀው ቻርለስ ቶምሰንና ዊልያም ባርተን ባዘጋጁት ንድፍ ሲሆን፣ ሁለቱም ፍሪሜሰን ስለመሆናቸው የተገኘ ማስረጃ የለም፤ ዓይኗም ብትሆን በአውሮፓ አብያተ ክርስቲያናት የእግዚአብሔር ዓይን እየተባለች ስትሣል የኖረች ናት። ማኅተሙን እንዲነድፍ በ1776 በተሾመው የመጀመሪያው ኮሚቴ ውስጥ የነበረው የታወቀ ፍሪሜሰን ቤንጃሚን ፍራንክሊን ነው። እሱ ያቀረበው ሐሳብ ደግሞ ሙሴ ባሕሩ ዳር ቆሞ፣ የኤርትራ ባሕር ፈርዖንን ሲያሰጥመው የሚያሳይ ሥዕል ነበር። ይህን ስነግራቸው አዛውንቱ «እሱማ መሸፋፈኛ ነው» አሉኝ። ማስረጃ ሲገኝ ማስረጃ፣ ሲጠፋም የተደበቀ ማስረጃ የሚሆንለት እንዲህ ያለ ዕውቀት በየትኛው ዩኒቨርሲቲ ይገኛል?

አብልጬ የማደንቀው ግን የእነዚህን ሊቃውንት የቀድሞ መምህር፣ ፈረንሳዊውን ሊዮ ታክሲልን ነው። ቤተ ክርስቲያንን ሲሳደብ የኖረው ይህ ሰው በ1885 ንስሐ ገባሁ አለና የፍሪሜሰኖችን የሰይጣን አምልኮ ማጋለጥ ያዘ፤ በ1887ም ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 13ኛ ተቀብለው አነጋገሩት። እሱና ግብረ አበሮቹ እንደጻፉት ከሆነ ዲያብሎስ በአዞ አምሳል ተገልጦ ፒያኖ ተጫውቷል። ይህ አዞ እንቅልፍ ይነሣኛል። ጅራቱን በወንበሩ በየት በኩል አሳለፈው? በዚያ አጭር እግሩ ፔዳሉ ላይ እንዴት ደረሰ? ጥፍሩ ባንድ ጊዜ ሁለት ቁልፍ ሲነካ ስሕተት ነው ብሎ የሚያርመው ደፋር ተገኘ ወይስ ሁሉም አጨበጨበ? አንገት የሌለው ፍጡር የሙዚቃውን ወረቀት ለማየት ምን ያህል ተቸገረ? የጫሞ ሐይቅ አዞዎችስ፣ ፀሐይ ላይ አፍ ከፍቶ ከመተኛት ያለፈ ሙያ ያልተሰጣቸው ምስኪኖች፣ ይህን ቢሰሙ በዘመዳቸው አይቀኑም ነበር? ከዚያ ዘመን ምእመናን ይህን የጠየቀ ብዙ አልነበረም። ኤፕሪል 19 ቀን 1897 ታክሲል ፓሪስ ውስጥ ሕዝብ ሰብስቦ፣ ዱላና ጃንጥላ በር ላይ እንዲቀር አስደርጎ (ብልህ ሰው ነበር)፣ የ12 ዓመት ድርሰቱ በሙሉ ቀልድ መሆኑን ተናዘዘ። ፈጣሪው የካደው ወሬ ግን ዛሬም በእኛ ስልኮች «አሁን የወጣ አስደንጋጭ ምስጢር» እየተባለ ይዞራል።

እውነተኛ ቅሌት ለሚሻ ሰው በ1981 ጣልያን ውስጥ የተጋለጠው ፒ 2 የተባለው የፍሪሜሰኖች ሎጅ (የአባላት ማኅበር) አለ፤ የአባላቱ ዝርዝር ሲገኝ ሚኒስትሮችና ጄኔራሎች ነበሩበትና መንግሥት ወደቀ። አዳኞቻችን አያነሡትም። አዞ የለበትም።

ከዚህ በኋላ ያለው አያስቅም። በ1940 የስፔኑ አምባገነን ፍራንኮ ፍሪሜሰንነትን በሕግ ወንጀል አድርጎ፣ ሰዎችን በአባልነታቸው ብቻ በልዩ ፍርድ ቤት ወደ እስር ቤት ሰደደ። በ1941 በናዚዎች በተያዘችው ቤልግሬድ ፍሪሜሰኖችንና አይሁዶችን ዓለምን ሊገዙ የዶለቱ ሤረኞች አድርጎ የሚያሳይ ዐውደ ርእይ ተከፈተ፤ በዚያው ወራት የሰርቢያ አይሁዶች ይረሸኑ ነበር። «ዓለምን የሚገዙት እነ እንትና ናቸው» የሚለውን ቪዲዮ ለሕፃናት የሚልክ ጎልማሳ ምን እያስተላለፈ እንደሆነ ባያውቅ እንኳ ማፈር ነበረበት። ነውር ነው።

ዶላሬ ተመለሰችልኝና ሳምቡሳ ቀረበ። ሦስት ማዕዘን ነው፤ ውስጡም የተሸፈነ ነው፣ ምስጢሩን የሚያውቀው የጠቀለለው ብቻ ነው። አዛውንቱ ሳይጠራጠሩ ሦስት በሉ። አቦልና ቶና አልፈው በረካው ሲቀዳ፣ ስንተኛው ሲኒ እንደሆነ እንዳይቆጥሩ ፈርቼ ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመርኩ።