መጀመሪያ ሰው ትሁን

ለኮሚክም ሆነ ለጌም ጥንታዊ ግብጻዊ ገጸ ባህሪ ሲሳል የሚወጣው ነገር ሁሌ ይመሳሰልብኛል። አንገት ላይ አንክ (አናቱ ቀለበት የሆነ መስቀል፣ የሕይወት ምልክት)፣ ግንባር ላይ የአምላኩ የሆረስ ዓይን፣ ከኋላ ፒራሚድ፣ ጥግ ላይ ክፉ ተደርጎ የተሳለ፣ የቀበሮ ራስ ያለው አምላክ አኑቢስ። ጌጡ ሞልቷል፤ ሰውየው ግን የለም። ይሄ በጣም ይቆጨኛል።

እኔ ብሆን ከዘመንና ከሰፈር ነው የምጀምረው። ግብጽ ስንል እኮ የ3 ሺህ ዓመት ታሪክ ነው። ክሊዮፓትራ ራሷ ታላቁ የጊዛ ፒራሚድ ከተሠራበት ዘመን ይልቅ ለእኛ ትቀርባለች።

ሰፈሬ ዴር ኤል መዲና ይሁን። ከዛሬዋ ሉክሶር ማዶ፣ ከዓባይ በስተ ምዕራብ ያለች መንደር ናት። የነገሥታቱን መቃብር የሚፈለፍሉና የሚስሉ ሠራተኞች ከነቤተሰባቸው ይኖሩባት ነበር። ከሥራ የቀረ ሰው ምክንያቱ በድንጋይ ስባሪ ላይ ይመዘገብ ነበር። በፈርዖኑ በዳግማዊ ራምሴስ 40ኛ የንግሥና ዓመት የተጻፈ አንድ መዝገብ ዛሬ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ አለ። አንዱን ጊንጥ ነድፎታል። አንዱ ዓይኑን ታሟል። ሌላው ቢራ እየጠመቀ ነው። ከዚህ በላይ ሕያው ሰው ከየት ይመጣል?

በሣልሳዊ ራምሴስ 29ኛ ዓመት ደግሞ የእህል ቀለባቸው ሲዘገይ እነዚሁ ሠራተኞች ሥራ አቁመው ወጡ። ርቦናል ብለው ከአንድ ቤተ መቅደስ ጀርባ ተቀመጡ። የእኔ ገጸ ባህሪ ከእነሱ የአንዱ ልጅ ናት። አባቷ ሠዓሊ ነው።

አሁን ምልክቶቹ ይምጡ። አንክ አላስርላትም። በጥንቱ ሥዕል አንክ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ በአማልክትና በነገሥታት እጅ ነው። እናቷ እርጉዝ ስለሆነች የታወረትን ክታብ በእናቷ አንገት ላይ አደርጋለሁ። ታወረት ወላድን የምትጠብቅ የጉማሬ አምላክ ናት። ልጅቷ ጸጉሯ ተላጭቶ በአንድ ጎን ብቻ ቁንጮ ይተውላታል። ዓይኗን ትኳላለች።

ጥቁር ቀለምንም ለክፉ አልሰጥም። ግብጾች አገራቸውን ‘ጥቁር ምድር’ ይሉ የነበረው ዓባይ ከሚያመጣው ለም ደለል የተነሳ ነው። ያ ደለል በብዛት ከእኛው ደጋ ታጥቦ የሄደ አፈር ነው። ለእነሱ ጥቁር ዳግም የመነሳት ቀለም ነበር። አኑቢስም ጥቁር ሆኖ የሚሳለው ለዚህ ነው፤ ሥራው ሙታንን መጠበቅ ነው።

የልደት ቀኗ ላይ ብዙ አስቤበታለሁ። የግብጾች ዓመት 12 ወር በ30፣ በ30 ቀን ሆኖ 5 ቀን ይጨመርበታል። የእኛ ጳጉሜም በቅብጦች በኩል ከዚያው የመጣች ናት። በእነዚያ 5 ቀናት ኦሲሪስ፣ ሆረስ፣ ሴት (Set)፣ ኢሲስና ኔፍቲስ የተባሉት አማልክት በተራ ተወለዱ ይባላል። ሦስተኛው ቀን ሴት የሚባለው ወንድ አምላክ የተወለደበት ነው፤ የሁከት አምላክ ነውና ቀኑ ይፈራል። ልጅቷን የማስወልዳት በዚያ ቀን ነው። ጎረቤት ገደ ቢስ ይላታል። አባቷ ባዶ ከረጢት ይዞ የተመለሰ ዕለት፣ ሁሉም ዞሮ የሚያየው እሷን ነው።