ኧረ አቦ፣ በሰከንድ 24 ፍሬም (ምስል) የተቀረጸውን ቪዲዮ በ24ቱ ተዉት!

የድሬዳዋ ከዚራ ዛፍ ጥላ፣ የጀጎል ጠባብ መንገድ፣ ሐረር ላይ ማታ ጅብ ሲመገብ... ቀረጻው ያምራል። ሲለጠፍ ግን ምስሉ እየተንገጫገጨ ዓይን ያደክማል። ከዚያ ጥፋቱ ሁሉ በኔትወርክ ይላከካል! ኔትወርክ ሲደክም ቪዲዮው ይቆማል ወይም ይደበዝዛል፤ በእኩል ልዩነት የሚንገጫገጭ ከሆነ ግን ጣጣው ከኤዲቲንጉ ነው።

በ24 የተቀረጸውን በሰከንድ 30 ፍሬም በሆነ ታይምላይን (ቪዲዮው ተደርድሮ የሚቆራረጥበት መስመር) ላይ ስትጥሉት ሶፍትዌሩ በየ4 ፍሬሙ አንዱን ይደግማል። በሰከንድ 6 ትርፍ ፍሬም! ታዲያ እንዴት አይንተባተብ? ኤዲት የምታደርጉበት ሶፍትዌር ፕሪሚየርም ሆነ ካፕከት፣ ገና ስትጀምሩ ታይምላይኑን ከቀረጻው ጋር አስተካክሉ፤ ኤክስፖርቱም (የሚወጣው ፋይል) ያው ይሁን። ቀረጻው በሰከንድ 23.976 ከሆነ 23.976 ነው፣ «ያው 24 አይደል?» የሚባል ነገር የለም። የስልክ ቀረጻ ደግሞ ፍሬሙ ስለሚዋዥቅ አስቀድማችሁ ሃንድብሬክ በሚባለው ቪዲዮ መቀየሪያ ሶፍትዌር ኮንስታንት (የማይዋዥቅ) አድርጉት።

ሻተር (ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/50 ሰከንድ ይሁን። በ1/500 የተቀረጸ ባጃጅ እየተንገጫገጨ ስለሚታይ በኋላ በቀላሉ አይድንም (በድሬ ፀሐይ ኤንዲ ፊልተር (ብርሃን የሚቀንስ የሌንስ መስታወት) የግድ ነው፣ አታጉረምርሙ)። ካሜራ ስታዞሩም ቀስ በሉ፤ አንድ ነገር ከምስሉ ጫፍ እስከ ጫፍ ለመሻገር 7 ሰከንድ ያህል ይፍጅበት። የብዙ ስልክ ስክሪን 60 ኸርዝ ነው (ምስሉን በሰከንድ 60 ጊዜ ያድሳል)፣ 60 ደግሞ ለ24 እኩል አይካፈልም፤ ስለዚህ አንዱን ፍሬም 3 ጊዜ፣ ቀጣዩን 2 ጊዜ ያሳያል። ካሜራው ሲቸኩል ይኼ ፍንትው ብሎ ይታያል።

ደግሞ በቴሌግራም ለደንበኛ ስትልኩ ጥራቱ እንዳይቀንስ እንደ ፋይል ላኩት እንጂ፣ ምናለ አቦ!