የቀድሞው ባለቤት

አሮጌ ዕቃ የሚጠግን ሰው ሁሉ አንድ የጋራ ጠላት አለው፤ ስሙም «የቀድሞው ባለቤት» ይባላል። ቤት የገዛ ስለ ቧንቧው፣ መኪና የገዛ ስለ ሞተሩ ይህንኑ ሰው ሲረግም ይውላል። እኔ ከእርሱ ጋር የተዋወቅሁት የአማቴን ጋራዥ ስናጸዳ፣ ካለቁ አራት ጎማዎች ጀርባ፣ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ ያገኘን ዕለት ነው።

አማቴን ጠየቅናቸው። «ቤቱን ስገዛው እዚያው ነበር» አሉ፤ «የቀድሞው ባለቤት ጥሎት ሄዶ ነው።» ቤቱን ከገዙ ሠላሳ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ ከጎማዎቹ ጀርባ ምን እንዳለ ለማየት አንድ ትርፍ ሰዓት አላገኙም ማለት ነው። ብርድ ልብሱን ማን እንዳለበሰው አልታወቀም። ማንም ይሁን ማን፣ እንዳይበርደው ያዘነለት ይመስላል። ጠመንጃ ግን ብርድ አይፈራም፤ የሚፈራው እርጥበትን ነው፤ ብርድ ልብስ ደግሞ እርጥበቱን ከአየሩ ጠጥቶ ብረቱ ላይ ለጥፎ ያኖረዋል። ስንገልጠው የብርድ ልብሱ ክር ከዝገቱ ጋር አብሮ በቅሎ ነበር።

የሰው ልጅ ጠመንጃ ሲያይ መጀመሪያ የሚናገረው ቃል «ባዶ ነው» የሚል ነው። ማን እንደነገረው አይታወቅም። የባለቤቴ ወንድም ብርድ ልብሱ ሳይገለጥ «ባዶ ነው» አለ። ጎረቤታችን ከአጥሩ ወዲያ አንገቱን አስግጎ «ባዶ ነው» አለ። አማቴም ወንበራቸውን ወደ ጥላው እየሳቡ «ኧረ ባዶ ነው» ሲሉ አጸደቁት። የባለቤቴ ወንድም አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በአፈሙዙ ወደ ውስጥ ሊያይ ሲጎነበስ ባለቤቴ ጮኸች። ከመካከላችን ጠመንጃ ይዛ የማታውቀው እርሷ ብቻ ነበረች፤ እንዴት እንደሚያዝ የምታውቀውም እርሷ ብቻ ሆና ተገኘች። አፈሙዙ ወደ ድፍኑ ግንብ እንዲዞር፣ ማንም ወደ ምላጩ እንዳይጠጋ፣ ፖሊስ ተነግሮት ባለሙያ እስኪመጣ ድረስ ሁላችንም ውጭ እንድንቆም አዘዘች። ቆምን።

ስለ ወረቀቱ ጉዳይ ብዙ አልልም። ጋራዥ ውስጥ ጠመንጃ ማግኘትና የጠመንጃ ባለቤት መሆን በሕግ ፊት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው መንገድም በማኅተም የተነጠፈ ነው።

ጠመንጃ ጠጋኙ ዝምተኛ ሽማግሌ ናቸው። መክፈቻው ላይ ዘይት ጠብ አደረጉበት፣ ጠበቁ፣ በእንጨት መዶሻ ቀስ ብለው መቱት፣ እንደገና ጠበቁ። ተከፈተ። በቀኙ ቱቦ ውስጥ ሸረሪት ቤት ሠርታለች። በግራው ውስጥ ደግሞ ቀለሃው ከወረቀት የተሠራ፣ እርጥበት ያሳበጠው አንድ ጥይት ተቀምጧል። ሽማግሌው ጥይቱን አውጥተው ሳጥን ውስጥ ሲያኖሩ ቀና ብለው እንኳ አላዩንም። «ባዶ ነው» ያለ ሰው ተፈልጎ ጠፋ። አማቴ ወንበራቸውን ይዘው ከነጥላው ራቅ ብለው ነበር።

ከዚያ ቱቦዎቹን ፈቱና በሲባጎ አንጠልጥለው በጣታቸው ኳ አደረጓቸው። ጤነኛ ከሆኑ እንደ ደወል ይጮኻሉ። የእኛዎቹ የተሰነጠቀ ድስት ድምፅ ሰጡ፤ ሁለቱን ቱቦዎች ያያያዘው ብየዳ አንድ ቦታ ለቋል ማለት ነው። ቀጥለው ከሥር የተመቱትን ትናንሽ ማኅተሞች በማጉያ መነጽር አነበቡ። ጠመንጃው በበርሚንግሃም ተፈትኗል። እዚያ በ1813 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የመፈተሻ ቤት እያንዳንዱን ቱቦ ከመደበኛው በላይ ባሩድ አጉርሶ ይተኩሰዋል፤ ካልፈነዳ ማኅተም ይመታለታል። ለሰውም እንዲህ ያለ ቤት ቢኖር ስንት ዘመድ ያለ ማኅተም ይቀር ነበር።

ከማኅተሞቹ አጠገብ በእንግሊዝኛ «ኖት ፎር ቦል» የሚል ጽሑፍ አለ። በእንግሊዝኛው የሚኮራው የባለቤቴ ወንድም ጣልቃ ገባ፦ «ኳስ አትጫወቱበት ማለቱ ነው።» ጎረቤታችን በጠመንጃ ኳስ የሚጫወት ማን እንደሆነ ቢጠይቅም፣ እንግሊዞች ብዙ ጨዋታ እንደፈለሰፉ ተነግሮት ዝም አለ። ሽማግሌው በትዕግሥት አስረዱን። የቱቦው አፍ ጠበብ ተደርጎ ስለተሠራ ደቃቅ እርሳስ እንጂ ድቡልቡል ጥይት አይተኮስበትም፤ ጽሑፉም ከ1875 እስከ 1887 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ይመታ የነበረ ነው። ጠመንጃው ከሁላችንም ዕድሜ በላይ እንደሆነ ያወቅነው በዚህች ማስጠንቀቂያ ነው።

ፍርዳቸው አጭር ነበር። ቱቦዎቹ የደማስቆ ብረት ናቸው፤ የብረትና የአረብ ብረት ጭረቶች ተገምደው፣ ዘንግ ላይ ተጠምጥመው፣ በእሳት ተቀጥቅጠው የተጣበቁ። የተሠሩት ለድሮው ጥቁር ባሩድ ነው። ዝገቱና የለቀቀው ብየዳ ተጨምሮበት የዛሬ ጥይት ቢጎርሱ ተኳሹን ይዘው ሊሄዱ ይችላሉ። «ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ አይተኮስም» አሉና ምክራቸውን አስከተሉ፦ «ዘይት ቀባው፣ ጠብቅ። ዝገቱን በመዳብ ቁራጭ ፋቀው፤ መዳብ ከብረቱ ስለሚለሰልስ አይጭረውም። ብሎኖቹን አትንካ። ቤትህ ብርጭቆ ወረቀት ካለ ለጎረቤት ስጥ።»

ጎረቤቴ ግን የራሱ ነበረው። ሌሎቹም ምክር ይዘው መጡ። አንዱ ኮምጣጤ አለ፣ አንዱ ለስላሳ መጠጥ አለ፣ የባለቤቴ ወንድም ሽቦ ብሩሽ የገጠመበትን መሰርሰሪያ ታጥቆ ደረሰ። «ጥቁር የመኪና ቀለም ቀብተን ብንገላገልስ?» ያለም ነበር። የሚንጠባጠበውን የወጥ ቤቴን ቧንቧ ለማየት ከእነዚህ ሰዎች አንዱም መጥቶ አያውቅም።

ሁለት ቀን በትዕግሥት ዘይት ቀባሁ። በሦስተኛው ቀን መዳቡን ይዤ ጀመርኩ። ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጥ ቦታ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ከፋቅሁ በኋላ፣ ከቡናማው ዝገት ሥር አንድ ነገር ብቅ አለ፤ እንደ ጣት አሻራ የተጠማዘዙ ጥቁርና ግራጫ መስመሮች፣ ተራ በተራ፣ ልክ በልክ። መብራቱን አስጠግቼ ብቻዬን ሳቅሁ። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ።

ግማሽ ሰዓት ይህን ያህል ካሳየኝ ብርጭቆ ወረቀት በአምስት ደቂቃ ምን አያሳየኝም ብዬ አሰብኩ። በአምስት ደቂቃ መዳፍ የሚያህል ቦታ እንደ ማንኪያ አበራ። ጥለቱ ግን ጠፋ፤ ለካስ መስመሮቹ የሚታዩት አሮጌው ቀለም ስላለ ነው። በድንጋጤ ወደ ብሎኖቹ ዞርኩ። የድሮ ሠሪዎች የብሎኑን አናት ስንጥቅ እንደ ፀጉር አቅጥነው፣ ሲጠብቅ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲተኛ አድርገው ይቆርጡት ነበር። የእኔ ካቻቪቴ ደግሞ የወንበር እግር ማጥበቂያ ነው። አንዴ ተንሸራተተ፤ ስንጥቁ ተበላ፣ ከጎኑም ጭረት ወጣ። «የቀድሞው ባለቤት!» ብዬ ጮኽኩ። ባለቤቴ ከበሩ ላይ «አባቴን ነው የምትሰድበው?» አለች። ከእሳቸው በፊት የነበረውን እንደሆነ አስረዳሁ።

ሰደፉ ላይ የነበረው ጎድጓዳ ግን ተሳካልኝ። እርጥብ ጨርቅ አንጥፌ በጋለ ካውያ ስጫነው እንፋሎቱ እንጨቱ ውስጥ ገብቶ፣ የተጨፈለቀው ክፍል አብጦ ወደ ቦታው ተመለሰ። አሮጌው ዘይትም አብሮ ወጥቶ ካውያው ላይ ተጣበቀ። በማግስቱ የባለቤቴ ነጭ ሸሚዝ ጀርባ ላይ የሰደፍ ቀለም ያለው ቡናማ ሦስት ማዕዘን ታተመ። የካውያውን የቀድሞ ባለቤት ልጠቅስ ስል ባለቤቱ ፊቴ ቆማ ነበር።

ከዚያም ሰደፉን በተልባ ዘይት አሸሁና ጨርቆቹን ጨብጬ ባልዲ ውስጥ ጣልኳቸው። ማታ ጋራዡ ሲሸተኝ እጄን ብሰድድ ዶሮ እንደታቀፈችው እንቁላል ሞቀዋል። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል፤ የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተተወ ያለ ክብሪት ይነዳል። ውሃ ውስጥ ነከርኳቸው። ጠመንጃው ሳይተኩስ ቤት ሊያቃጥል ነበር።

በሳምንቱ ሽማግሌው ሥራዬን ሊያዩ መጡ። አማቴም ወንበራቸውን ይዘው ቀረቡ። ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ብሎኑን አዩ። «ይህን ማን ነካው?»

«የቀድሞው ባለቤት» አልኩ።

ቱቦውን አዙረው ማንኪያ የመሰለውን ቦታ አዩ። «ይህንስ?»

«እርሱ ነው። ሰው አይምሰልዎ።»

ሰደፉን ጨብጠው ወደ ብርሃኑ አነሡት። መልሰው ሲያስቀምጡት እጃቸው አልላቀቅ አለ፤ ዘይቱ ገና አልደረቀም። ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አላቀቁ፣ አሸተቱ፣ በሽርጣቸው ጠረጉ።

«ይህ የቀድሞው ባለቤት መቼ ነው የሄደው?» አሉ።

አማቴ ከጥላው ሆነው መለሱላቸው፦ «ዛሬ ጠዋት።»